በበረዶ የሚጠጣ ኮምጣጣ ቢራ

አባታችን በሞቱ በመቶኛው ቀን እህቴ ሉዋ ከሳይጎን ሃያ አራት ጠርሙስ ቢራ ይዛ መጣች። ዘመዶች ሠላሳ ነበር ይላሉ። ከጀልባው ያወረድኩት እኔ ነኝ፤ ሃያ አራት ነው።

ሉዋ ሳይጎን ውስጥ በአንድ አነስተኛ መጥመቂያ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች፤ የብቅል ከረጢት ከመሸከም ተነሥታ ዋና ጠማቂ እስከ መሆን ደርሳለች። ያመጣችው ቢራ ሆን ተብሎ የኮመጠጠ፣ አባታችን ከተከሏቸው ዛፎች የተለቀመ አምበሾክ የተባለ ፍሬ የገባበት ነው። ዛፎቹ ስልሳ ሦስት ናቸው። ጨዋማ ውሃ በማይገድለው የረግረግ ዛፍ ጉቶ ላይ አንድ በአንድ ያዳቀሏቸው አባታችን ናቸው። እሳቸው ሲሞቱ በመሬቱ ላይ የሚወስኑት ታናሽ ወንድማቸው አጎታችን ኡት ሆኑ። አጎታችን ደግሞ ዛፎቹን ቆርጠው እንደ ጎረቤቶቻቸው ዱሪያን የተባለውን በውድ የሚሸጥ ፍሬ ሊተክሉ አስበዋል። ሉዋ የለመነቻቸው ከመጋዙ በፊት እንዲቀምሱ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ብርጭቆ ለአባታችን ቀረበ። በፎቷቸው ፊት የተተከሉት የዕጣን ዘንጎች ነደው ሲያልቁ ወደ ማዕዱ ዞርን። አክስታችን ሳው እንደ ልማዳቸው ብርጭቆዎቹን በበረዶ ሞሏቸው።

«አክስቴ፣ ይሄ በረዶ አይገባበትም!» አለች ሉዋ።

«ምነው ልጄ? በዚህ ሙቀት ለሰው የሞቀ ቢራ ይሰጣል?»

በረዶው ቀለጠ። የፍሬው ሽታ ጠፍቶ ኮምጣጣነቱ ብቻ ቀረ። አጎታችን ኡት ጎንጨት አድርገው ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ይሄ ሎሚ የታጠበበት ውሃ ነው። አንቺ ነሽ ያበላሸሽው ወይስ መንገድ ላይ ተበላሸብሽ?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሉዋ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። የአጎታችንን ብርጭቆ አንስታ የቀጠነውን ቢራ እስከ አተላው ጠጣችው። ዘጠኝ ዓመት ከተማ ተቀምጣ የራሷ ሰዎች ቢራ እንዴት እንደሚጠጡ ረስታ ነበር።

«ልክ ነዎት አጎቴ፤ አይጠጣም። እስከ አባቴ ሙት ዓመት ይጠብቁኝ።»

«ምን ልታደርጊ?»

«በበረዶ የሚጠጣ ልጠምቅ።»

«በረዶውን መተው አይቀልም?» አሉ አክስታችን።

«እናንተን ከማስተው ቢራውን መለወጥ ይቀላል።»

አጎታችን ኡት ሳያስቡት ሳቁ። «እሺ፣ እስከ ሙት ዓመቱ። ከዚያ በኋላ ግን መጋዝ ነው።»

ሉዋ ሥራዋን ለቃ መጣች። የውሃ መሳቢያው የሚቀመጥበትን ዳስ አጽድታ ትንንሽ በርሜሎች ደረደረች። እኔ ከመዝገብ ቤት ሥራዬ ስወጣ እየሄድኩ የምትቀምሰውን እጽፍላት ነበር። የምትቀምሰው በረዶ ጨምራ፣ በረዶውም ሙሉ በሙሉ እስኪቀልጥ ጠብቃ ነው። ሦስተኛው ሙከራ ቀጠነ። አምስተኛው ጎምዛዛ ብቻ ሆነ። በሰባተኛው ከፍሬው ጋር ዘር ተፈጭቶ መረረ፤ በርሜሉን እንዳለ ዛፎቹ ሥር ደፋችው። በስምንተኛው የአምበሾኩን መጠን እጥፍ አደረገች፤ ቅዝቃዜ የማይገድለው ሽታ ስትፈልግ ደግሞ ፓሽን ፍሩት ጨመረችበት። በዚያ ሰሞን ምላሷ ቆስሎ የሩዝ ገንፎ እንኳ ያቃጥላት ነበር።

«አንድ ሳምንት ብታርፊስ?» አልኳት።

«ቲን፣ ጻፍ ነው ያልኩህ።»

ጻፍኩ። የአሥራ አንደኛው ሙከራ ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ከበረዶ በፊት እንደ አጥሚት የወፈረ፣ ለብቻው የሚከብድ። በረዶው ሲቀልጥ ተፍታታ። መጀመሪያ የፓሽን ሽታ፣ ቀጥሎ የአምበሾክ ልስላሴ፣ መጨረሻ ላይ መንጋጋ የሚስብ ኮምጣጣ። ጥቂት ጨው ይጨመርበት።» አሥራ ሁለተኛው ያው ነው፣ ጨው ያለበት።

በሙት ዓመቱ በረዶውን ያመጣችው ራሷ ሉዋ ናት። ብርጭቆዎቹን እስከ አፋቸው ሞላቻቸው።

«ዛሬስ ጨከነች!» አሉ አክስታችን ሳው።

አጎታችን ኡት ጣታቸውን በርበሬ ባለው ጨው ነክረው ላሱና ጠጡ። ብርጭቆውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው በረዶው እስኪሟሟ ጠበቁ፤ ከዚያ ደግመው ቀመሱ። ሉዋ ቆማ ታያቸዋለች።

«በመንገዱ በኩል ያሉትን እቆርጣለሁ፣» አሉ በመጨረሻ። «በቦዩ ዳር ያሉት ይቅሩልሽ። ሠላሳ ይሆናሉ።»

«ሠላሳ አንድ፣» አልኩ።

«አይሆንም አጎቴ፣» አለች ሉዋ። «ይሄን ያወፈረው የፍሬው ብዛት ነው። በግማሽ ፍሬ ብጠምቅ ያንን የሎሚ ውሃ ነው የምትጠጡት። መጠኑን ብቀንስ ደግሞ መኖሪያ አይሆነኝም። ግማሹን ከሚቆርጡ ሁሉንም ይቁረጡት፤ እኔም ወደ ሳይጎን ልመለስ።»

«ታስፈራሪኛለሽ?»

«አላስፈራራም። አሥራ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ያገኘሁትን ነው የምነግርዎት።»

«አንተ ኡት!» አሉ አክስታችን፤ ታላቅ እህታቸው ናቸው። «ብርጭቆህን ባዶ አድርገህ ነው እንዴ የምትከራከረው?»

አጎታችን ብርጭቆውን አዩት። እውነትም ባዶ ነበር። ስልካቸውን አውጥተው ሰኞ ሊመጡ ለነበሩት ቆራጮች ደወሉ።

«አትምጡ... አይ፣ ማክሰኞም አይደለም። ዛፎቹ አይቆረጡም አልኩህ!»

ሉዋ አላመሰገነችም። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም ነበርና ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ የዓሣውን ሳህን ወደ ራሷ ጎተተች፣ ሩዟን መብላት ጀመረች።