አባባ ተሰማ ያረፉባቸው ደረጃዎች

ልጅ ሳለሁ ፒያሳ አንድ አሮጌ የእንጨት ፎቅ ቤት ውስጥ፣ እኛ ከሥር፣ ሰዓት ሠሪው አባባ ተሰማ ደግሞ ከላይ ብቻቸውን እንኖር ነበር። አመሻሽ ላይ ሱቃቸውን ዘግተው ሲመጡ የግቢው ልጆች ከደረጃው ሥር ተኮልኩለን እንጠብቃቸዋለን። ደረጃው ጨለማ ስለነበር ፋኖሱን የምይዝላቸው እኔ ነኝ፤ የላምባው ሽታ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልወጣም። የመጀመሪያውን ደረጃ ሲረግጡ ተረቱ ይጀመራል፣ በራቸው ላይ ሲደርሱ ያልቃል።

በየሦስት ደረጃው ይቆሙ ነበር። ጅቡ በሩን ሊያንኳኳ ሲል፣ ንጉሡ ሊፈርድ አፉን ሲከፍት፣ መደገፊያውን ጨብጠው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ያኔ እኛ ሊያጓጉን መስሎን «ከዚያስ አባባ?» እያልን ኮታቸውን እንጎትታለን። ዓመት ባለፈ ቁጥር ተረቱ እየረዘመ ሄደ፤ እኛም ደስ አለን።

አንድ ምሽት እናቴ ልካኝ ዘግይቼ ስደርስ፣ ፋኖሱን ሌላ ልጅ ይዞላቸው አጋማሹ ላይ ደርሰዋል። መጀመሪያው አመለጠኝ ብዬ አለቀስኩ። ቁልቁል አዩኝ፤ ደረጃውንም አዩት።

«በቃ አታልቅሺ ልጄ፣ ከታች እንጀምረዋለን» አሉና ተመልሰው ወረዱ። እኔ በደስታ ዘለልኩ።

ዛሬ ሃምሳን አልፌ የዳሌዬ መገጣጠሚያ ተበልቷል። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እያየ መድኃኒቱን መገጣጠሚያው ውስጥ ይወጋልኛል፤ «ሕመሙን ለጥቂት ወራት ያስታግስልዎታል እንጂ የተበላውን አይመልስም» ብሎኛል። የመጀመሪያው መርፌ ክረምቱን አሻገረኝ፣ ሁለተኛው ግን ወርም አልቆየም። አራት ኪሎ ያለው ቢሮዬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። መርፌው እምቢ ካለ ያለኝ ምርጫ ቀዶ ጥገና ወይም ሥራዬን መተው ነው፤ ለሁለቱም አቅም የለኝም፣ ደክሞኛል።

ትናንት ከአንዲት ወጣት ባልደረባዬ ጋር እያወራን ደረጃውን ስንወጣ፣ ወሬዬን መሀል ላይ አቋርጬ መደገፊያውን ያዝኩ።

«ከዚያስ እትዬ?» አለችኝ።

ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

ለአባባ ተሰማ መርፌ የሰጣቸው አልነበረም፤ እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ደረጃ መልሼ አስወረድኳቸው። የትኛው ተረት እንደነበር እንኳ ጨርሶ አላስታውስም። የቀረልኝ፣ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ሁለቱንም እግራቸውን እያሳረፉ፣ ፊታቸውን ከብርሃኑ አዙረው ሲወርዱ ነው። አሁን እኔም የምወርደው እንደዚያ ነው።