ተቃውሞ ያልቀረበበት ብስክሌት

ፊርማ ያስተማረኝ አባቴ ነው። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ የሚኒስትሪ ፈተና ፎርም ስሞላ፣ «ፊርማ» በሚለው ቦታ ላይ ስሜን እንዳለ ጽፌበት አየና እርሳስ አስይዞ አንድ ገጽ ሙሉ አስለማመደኝ። «ፊርማ ማለት ነበርኩ፣ አይቻለሁ ማለት ነው» አለኝ። የሥነ ዜጋ መምህር ስለነበር እንዲህ ያለውን ነገር ቁርስ ላይም ይናገረዋል። እኔም እንደ ብዙዎቹ ምክሮቹ በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈሰስኩት።

ዛሬ በዚያ ፊርማ እንጀራ እበላለሁ። አምቦ ውስጥ የከተማውን ደንብ በሚያወጣ አንድ መሥሪያ ቤት ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። ስብሰባ ባለ ቀን ጠዋት ቀድሜ እገባና መዝገቡን አዘጋጃለሁ፤ ቀኑን፣ የተሰብሳቢዎቹን ስም፣ አጀንዳዎቹን እጽፋለሁ። ከዚያ ወደ ገጹ ግርጌ እወርድና ማንም ገና አፉን ሳይከፍት የመጨረሻዋን መስመር እጽፋታለሁ፦ «ተቃውሞም ድምፀ ተአቅቦም ሳይኖር በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።» ከእኔ በፊት የነበረችው ሴትዮ ያስተማረችኝ እንደዚህ ነው። ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ሰው ሁሉ ወንበሩን እየገፋ ይወጣል፤ መስመሯ ዝግጁ ካልሆነች ፊርማ ፍለጋ በየምግብ ቤቱ በር ሰው ማሳደድ ነው። ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ ያቺን መስመር የሰረዝኩበት ቀን የለም። እንዲያውም እንደ ጉብዝና ነበር የምቆጥራት።

አባቴ በሥራ ዘመኑ ሁሉ በብስክሌት ነው የኖረው። ከከተማው ወጣ ባሉት ትምህርት ቤቶች እየተመላለሰ ሲያስተምር፣ የሱሪውን ጫፍ ሰንሰለት እንዳይበላው በልብስ መቆንጠጫ ቆንጥጦ ነበር የሚሄደው። ከነዚያ ትምህርት ቤቶች በአንዱ አጠገብ፣ በጉደር መንገድ ወጥቶ ወደ ግራ በሚገነጠለው ኮረኮንች መጨረሻ ላይ፣ አንድ ወዳጅ አፈራ። ሰውየው ገበሬ ናቸው፤ ልጆቻቸውን በሙሉ ያስተማረው አባቴ ነው። በኋላ ዓይናቸው ጠፋ። ወዳጅነቱ ግን አልጠፋም፤ ገበጣ ላይ የቆመ ወዳጅነት ነበርና።

ሐሙስ ሐሙስ ይጫወታሉ። ዓይነ ስውር ገበጣ አይጫወትም የሚል ካለ እሳቸውን አላየም። ጠጠሩን በጣታቸው ጫፍ እየዳበሱ ከየጉድጓዱ ስንት እንዳለ ያውቃሉ፤ አባቴ አንዲት ጠጠር ካሾለከ ወዲያው ይደርሱበታል። «ያ ባርሲሳ!» ይሉታል፣ አንተ መምህር ማለታቸው ነው፤ «ልጆቼን ያስተማርካቸው ይሄን ነው?» ጨዋታው በአንድ ቀን ካላለቀ ገበጣው ጠጠሩ እንዳለ ይቀመጥና ዶሮ እንዳይነካው ሰፌድ ይደፋበታል፤ በሚቀጥለው ሐሙስ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። አባቴ በሳምንት ውስጥ ደስ ብሎት ሲነሳ ያየሁት በዚያ ቀን ብቻ ነው። እናቴ ከሞተች በኋላማ ሌላ ቀን የነበረውም አይመስለኝ።

ጡረታ በወጣ በዓመቱ ዳሌው ያመው ጀመር። ፔዳል መምታት ሲያቅተው ጋሪ ይሳፈር ነበር። ከዚያ ጋሪ ከአስፋልት ይውጣ ተባለና ጋሪዎቹ የዚያን መንገድ ሥራ ተዉት። ያንንም ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ በሙሉ ድምፅ ነው የጸደቀው። ባጃጆቹን ለመንናቸው። አንዱ እስከ መገንጠያው ወስዶት ኮረኮንቹን ሲያይ «ይሄማ ጎማ ይበላል፣ ባርሲሳ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብሎ ተመለሰ። ሌሎቹም እንደዚያው አሉ። ይህን የሰማው ወንድሜ ከአዲስ አበባ በባትሪ የሚሄድ ብስክሌት አመጣለት።

የመጀመሪያው ሐሙስ ከፊቴ አይጠፋም። አባቴ በዚያ ዕድሜው፣ ኮቱን ቆልፎ፣ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ደፍቶ፣ ዳገቱን ምንም ሳይለፋ ወጣ። የሰፈሩ ሰው በር በሩ ላይ ቆሞ «ባርሲሳ፣ ነዳጁን በየት በኩል ነው የሚጨምሩት?» እያለ ያበሽቀዋል። እሱም ደወሏን እያቃጨለ ይስቃል። ወደ ማታ ሲመለስ «አሸነፍኩት» አለኝ። ማሸነፉ እውነት እንዳልሆነ ፊቱ ላይ ይነበባል፤ ግን እንደዚያ ሲዋሽ ማየት ራሱ ደስ ይል ነበር።

ከአራት ወይም ከአምስት ወር በኋላ ይመስለኛል፣ አንድ በባትሪ ብስክሌት የሚሄድ ጎረምሳ የአንድ ኃላፊ መኪና መስታወት ገጭቶ ሰበረ። ሰው አልተጎዳም። መስታወት ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ አራተኛ አጀንዳ ሆኖ መጣ፦ በባትሪም ሆነ በሞተር የሚሄድ ባለ ሁለት እግር ሁሉ ሰሌዳ ሳይኖረው አስፋልትም ሆነ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ እንዳይገኝ፤ ተራ ብስክሌት ሁለት ሰው እንዳይጭን፤ በገበያ ቀን ከዋናው መንገድ እንዲርቅ። ሰብሳቢው አነበበው። ለምሳ ሩብ ሰዓት ቀርቶታል። «ተቃውሞ?» አለ። ዝም። «ድምፀ ተአቅቦ?» ዝም። «የምትደግፉ?» እጅ ወጣ። የእኔም እጅ ወጣ፣ እስክሪብቶው በጣቶቼ መካከል እንዳለ። እኔ በስብሰባው ድምፅ አለኝ፤ የክፍሌ ተወካይ ነኝ። መስመሯ ከጠዋት ጀምሮ ተጽፋ ትጠብቀናለች። ፈረምኩ፣ አስፈረምኩ፣ ምሳዬን ሄድኩ።

እውነቱን ለመናገር፣ ምን ላይ እጄን እንዳወጣሁ የገባኝ ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተር ላይ ስጽፈው ነው። «በባትሪ» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ እኔ ግን ጅቡ ከሄደም በኋላ አልጮህኩም። ጽፌ ጨርሼ፣ አባዝቼ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በራሴ እጅ ለጠፍኩት።

አባቴ አልተናደደም። «ሕግ ነው፤ ሰሌዳ እናወጣለታለን» ብሎ ወረቀቶቹን ይዞ ሄደ። ፎርሙ ላይ የሞተሩ ጉልበት በሲሲ ይሞላ የሚል ቦታ አለ። ባትሪ ሲሲ የለውም። ባዶ ከተተወ ፎርሙን አይቀበሉትም፤ ዜሮ ብሎ ቢሞላውም «ዜሮ ተሽከርካሪ የለም» አሉት። ወደ ዞን ሂድ ተባለ፣ ሄደ። ዞን መመሪያው በክልል እየተዘጋጀ ነው አለው። መመሪያ እየተዘጋጀ ነው ማለት እኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ እኔ ለመሥሪያ ቤት ሰው አላስረዳም።

«ንዳው አባዬ» አልኩት። «ሁሉም እየነዱ ነው። ትራፊኮቹ ያንተን ኮት አይተው ያስቆሙሃል? ተማሪዎችህ ናቸው።»

«ተማሪዎቼ ስለሆኑ ነዋ!» አለኝ። «ሠላሳ ዓመት ቆሜ ያስተማርኳቸውን ፊታቸው ላይ በጎማ ልሂድበት?»

ብስክሌቱን ዕቃ ቤት አስገብቶ አንሶላ አለበሰው። ያኔ ነው የጠየቀኝ። የጠየቀኝ ለመክሰስ አልነበረም፤ እንደ መምህር፣ የእውነት ለማወቅ ነበር። «ለመሆኑ ክርክሩ እንዴት ነበር? የተቃወመ አልነበረም?»

ምን ልበለው? ክርክር ነበር ብሎ ያምናል። ሰዎች አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው ስለ አንድ ነገር ሲወስኑ የሚከራከሩ ይመስለዋል፤ ሠላሳ ዓመት ያስተማረው እንደዚያ ነው። «ሁለት ሰዎች ተቃውመው ነበር» አልኩት።

ፊቱ ፈካ። ያንን ፊት እስክሞት አልረሳውም። «እህ! እንግዲያው መንገድ አለው» አለ። «ሁለት ሰው ከተቃወመ ምክንያታቸው መዝገብ ላይ ይሰፍራል። እሱን ይዤ አመለክታለሁ።» ወዲያው ወረቀት ያዘ። እዚያው ላይ «አባዬ፣ ዋሸሁህ» ማለት ነበረብኝ። ሳህን ላጥብ ብዬ ተነሳሁ።

ማመልከቻው በሳምንቱ ጠረጴዛዬ ላይ አረፈ። ያ የጥቁር ሰሌዳ ጽሕፈት የመሰለ እጁ፣ ኅዳጉ በማስመሪያ ተሰምሮ። የጠየቀው ሁለት ነገር ነው፦ የተቃወሙት ሁለት አባላት ያቀረቡት ምክንያት እንደገና እንዲታይና የቃለ ጉባኤው ቅጂ እንዲሰጠው። ኃላፊዬ አንብቦ ሳቀ። «ያባትሽ ነው አይደል? የምን ሁለት ሰው ነው የሚሉት? በክብር መልሺላቸው» አለኝ። በክብር መለስኩለት። «በዕለቱ የቀረበ ተቃውሞ ባለመኖሩ ጥያቄዎን ለመቀበል የምንቸገር መሆኑን እንገልጻለን።» ቅጂውን አያይዤ ከዋናው ጋር ትክክል ነው የሚል ማኅተም መታሁበት። ከግርጌው ያቺ መስመር አለች። ከመስመሯ ሥር ፊርማዬ አለ።

ማታ ቤት ይዤለት ልሂድ ብዬ ነበር። እሱ ግን ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት በፊርማ ነው የሚወጣው ብሎ ራሱ መጣ። በመስኮት አየሁት። በከዘራ ሦስት ጊዜ እያረፈ ግቢውን አቋረጠ፣ ወጪ መዝገቡ ላይ ፈረመ፣ ከዛፉ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ መነጽሩን አወጣ። ደብዳቤውን አነበበ። ቅጂውን ገለጠ። ግርጌው ላይ ብዙ ቆየ። እኔ መስኮቱ ላይ ቆሜያለሁ፤ ወርጄ እግሩ ሥር ልውደቅ ወይስ ልደበቅ አላውቅም። ተደበቅሁ።

ማታ እራት ላይ ጸሎት አድርጎ ዳቦውን ቆረሰ። ከዚያ «ፊርማሽ አምሯል» አለኝ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ ሐሙስ ኮቱን ይለብስና በረንዳ ላይ ይቀመጣል። በዚያ በኩል የሚመጣ ሰው ካገኘ ለወዳጁ ሰላምታ ይልካል፤ እሳቸውም ይልኩለታል። ገበጣው እንደተከደነ ነው ይሉታል። ክረምቱ አለፈ፣ ሌላም ክረምት መጣ። በመስከረም ሽማግሌው ሞቱ።

የቀብሩ ዕለት መኪና ሞላ። ሦስት ሚኒባስ ከእድሩ፣ ሁለት ከዘመድ፣ ባጃጆቹ ደግሞ ከኋላ ተሰልፈው። ጎማ ይበላል የተባለውን ኮረኮንች አንዱም ሳያንገራግር ወጣው። አባቴን ከፊት ወንበር አስቀመጡት። ለቋሚ ያልተገኘ መንገድ ለሬሳ ተገኘ፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ጥርሴን ነው የምነክሰው።

ከቀብር መልስ የሟች ባለቤት «ኮታ፣ ባርሲሳ፣ ይምጡ» ብለው ወደ ጓዳ ወሰዱን። ሰፌዱን አነሱት። ጠጠሮቹ በየጉድጓዳቸው አሉ። «የራሱን ተጫውቶ ነው የጠበቀዎት» አሉት። «በየሐሙሱ በጣቱ ዳብሶ ያይና ‹ተራው የሱ ነው፣ ማንም እንዳይነካው› ይል ነበር። ይውሰዱት።»

አባቴ ገበጣውን በጉልበቱ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ደግፎ ይዞት ተመለሰ። አንዲት ጠጠር እንዳትነቃነቅ ትንፋሹን ሁሉ ይዞ ነበር የተቀመጠው። ኮረኮንቹ ግን ኮረኮንች ነው። አስፋልት ስንደርስ ጠጠሮቹ ከጉድጓድ ጉድጓድ ዘለዋል፣ ሁለቱ ወለሉ ላይ ወድቀዋል። አንስቼ ሰጠሁት። የት እንደነበሩ እሱም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ።

አሁን የባትሪ ብስክሌት ከተማውን ሞልቶታል። ሰሌዳ ያለው አንድም አላየሁም፤ የሚጠይቅም የለም። ባለ መኪናው ኃላፊ ተቀይሯል፣ መስታወቱም ተረስቷል። ደንቡን የሻረው ግን የለም፤ መዝገቤ ውስጥ እንደተኛ ነው። የአባቴም ብስክሌት ዕቃ ቤት ውስጥ እንደተኛ ነው፤ ባትሪው ሞቷል።

ባለፈው ሰሞን ደግሞ ስብሰባ ነበረን፤ መንገድ ዳር ድንች የሚሸጡ ሴቶች ይነሱ የሚል አጀንዳ አለው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያቺን መስመር ባዶ ተውኳት። ሰብሳቢው «ተቃውሞ?» አለ። ሴቶቹን አውቃቸዋለሁ፤ ድንች የምገዛው ከነሱ ነው። እስክሪብቶዬን አየሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። አንዱ ዞሮ አየኝ። ከዚያ «ድምፀ ተአቅቦ?» ተባለ፣ ከዚያም እጅ ወጣ። መስመሯን በዚያው በሰማያዊ ቀለም ሞላኋት።

ስብሰባ ውዬ ስገባ አባቴ ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። የዚያን ዕለትም ጠየቀኝ። «ዛሬስ የተቃወመ ነበር?»

«አልነበረም አባዬ» አልኩት። ዳግመኛ አልዋሸውም ብያለሁ።

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠራረገውና ቀና ብሎ አየኝ።

«አንቺም አልነበርሽም?» አለኝ።