የእማማ አስካለ ቀይ ድንጋይ

ቅዳሜ ዕለት አንኮበር ላይ የሠራሁትን ጉድ ለእናንተ ካልነገርኩ ለማን ልንገር...

የማጠናው ድሮ ሰዎች ምስል የቀረጹባቸውን የከበሩ ድንጋዮች ነው። የቀለበት ፈርጥ፣ ማኅተም፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። ቤተሰቦቼ እስካሁን ሥራ የያዝኩ አይመስላቸውም፤ እሱን ተዉት።

ባለፈው ወር እማማ አስካለ የሚባሉ አዛውንት አንገት ላይ፣ ከማተባቸው ጋር የታሰረች ጥፍር የምታክል ቀይ ድንጋይ አየሁ። ክንፍ ያለው ነገር ተቀርጾባታል። ግን የስንት ዘመን ቅቤና ላብ ቅርጹ ውስጥ ገብቶ ጠቁሯል፤ በስልክ ባነሳውም አልለይ አለኝ።

ድንጋይዋ የሟች ባላቸው ናት። ባልየው መልአክ ነው ሲሉ፣ እማማ ርግብ ናት ሲሉ... ትዳራቸውን ሙሉ ተሟግተውባታል። አሁን የእማማ ዓይን ደክሟል። «እባክህ ልጄ፣ ሳልሞት ቁርጡን ንገረኝ» አሉኝ። እኔም ቆሽሻ ነው እንጂ ይታይ ነበር፣ መምህሬን ይዤ መጥቼ በማጉያ መነጽር እናያታለን ብያቸው ሄድኩ። ምናለ ያኔ አፌን በዘጋሁት።

ቅዳሜ ከመምህሬ ጋር ስንደርስ እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ደጅ ቆመው ጠበቁን። ለካ ቆሽሻለች ማለቴ አሳፍሯቸው፣ እንግዳ እንዲህ ሆና አያያትም ብለው፣ ልጃቸውን ደብረ ብርሃን ወርቅ ቤት ልከው አስጠርገዋታል። ወርቅ ሠሪው ደግሞ ቅርጹ ጭረት መስሎት ሙልጭ አድርጎ ፍቆ እንደ መስታወት አብርቷታል።

መምህሬ መነጽሩን አስጠግቶ አየና ለእኔ አቀበለኝ። ክንፍ የለ፣ ራስ የለ... ምንም የለም።

«አሁንማ ጸድታለች፤ በሉ ንገሩኝ» አሉ እማማ።

እውነቱን ልናገር አልኩና አልወጣ አለኝ። የባልዎን ማስታወሻ በገዛ እጅዎ አስጠፉት እንዴት ይባላል? ይብላኝ ለእኔ እንጂ እሳቸው ምን አጠፉ። ቢያንስ ደስ ይበላቸው ብዬ «ርግብ ናት እማማ፣ እርስዎ ነበሩ ልክ» አልኳቸው።

ፈገግ እንኳ አላሉም። ድንጋይዋን ተቀብለው መልሰው አንገታቸው ላይ አሰሯት።

«እኔስ የሱ ነው ልክ ትሉኛላችሁ ብዬ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «አንድ ቀን እንኳ ልክ ነህ ሳልለው ነው የሞተብኝ። ዛሬ መቃብሩ ሄጄ ልነግረው ነበር...»

እስካሁን ይቆጨኛል።

መዋሸቴ ካልቀረ፣ ምናለ መልአክ ነው ባልኳቸው...