አባቴ የመረጡት እንጨት

ታናሽ እኅቴ የሞተችው ነሐሴ ውስጥ፣ ዝናቡ ሳያባራ ነው። ከሰልስቱ በኋላ የስድስት ዓመት ልጇንና አባታችንን ሲኤምሲ ወዳለው ቤቴ አመጣኋቸው። ልጅቷ ከእናቷ ጋር ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነበር የምትኖረው። አባቴ ደግሞ ወሎ ሰፈር፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በርና መስኮት ከሠሩባት የአናጺነት ሱቃቸው ጀርባ፣ ብቻቸውን።

ልጅቷ ስትጠራ ትመጣለች፣ ብዪ ስትባል ትበላለች፤ ግን አታለቅስም። አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይተኛሉ። "አባባ፣ ትንሽ ይቅመሱ" ስላቸው "በኋላ" ይሉኛል።

ትምህርት ሊጀመር በተቃረበበት ሰሞን ልጅቷ ኩሽና መጣችና ቀሚሴን ያዝ አደረገች።

"እማዬ የእንጨት ዥዋዥዌ አሠራልሻለሁ ብላኝ ነበር" አለችኝ። "የኮንዶሚኒየሙ ስለተሰበረ።"

ከቀብሩ ወዲህ የጠየቀችኝ የመጀመሪያ ነገር ነበር። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ መንገድ ዳር ከሚሸጡት የባሕር ዛፍ አጣና ገዝቼ አስጫንኩ። ለእኔ እንጨት ያው እንጨት ነው። አጣናው ጓሮ ሲራገፍ ጫጫታውን የሰሙት አባቴ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ በረንዳ ላይ ብቅ አሉ። ቀስ ብለው ወረዱና ጎንበስ ብለው ልጡን በጥፍራቸው ጫር አደረጉት።

"ይሄን ማን ገዛው?"

"እኔ ነኝ አባባ። ለልጅቷ ዥዋዥዌ ብዬ።"

"እርጥብ ነው እኮ! ፀሐይ ሲመታው ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ልጅ አይቀመጥበትም።" እጃቸውን አራግፈው ቀና አሉ። "ቅዳሜ ጣውላ ቤት ውሰጂኝ።"

ቅዳሜ ጠዋት ጢማቸውን ተላጭተው ጠበቁኝ። ጣውላ ቤቱ ስንደርስ ከመኪናው የወረዱት ሰውዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይተኙ የነበሩትን ሰውዬ አይመስሉም። እንጨቱን በጣታቸው አንጓ እያንኳኩ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀጥ ማለቱን እያዩ ከክምር ወደ ክምር ሄዱ። ለቋሚዎቹ ጽድ አሉ፤ መሬት የሚገባውን ምስጥ እንዳይበላው። ለአግዳሚው ግን ያው ባሕር ዛፍ መረጡ፤ ዓመት አልፎበት የደረቀውን።

"ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ብረት ነው" አሉኝ። "ጠላቱ ችኮላ ነው።"

ለልጅቷ መቀመጫ ብለው ዋንዛ ጠየቁ፤ ቀላል ነው፣ ስንጥሩም ልጅ አይወጋም። ሻጩ ሰፊ ጣውላ ስቦ አወጣላቸው። አባቴ መዳፋቸውን ከዳር እስከ ዳር አሳለፉበት። መሃል ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

"ለሷ ይሄ ነበር የሚገባት" አሉ።

ሻጩ ስለ ሕፃኗ መስሎት "ለሷማ ይተርፋታል አባቴ" አላቸው። እኔ ግን ገብቶኛል። እኅቴ ያረፈችው ጠዋት ነው፤ ቀብሩ በማግስቱ ሆነ። አባቴ "ሳጥኗን እኔ ልሥራላት" ብለው ነበር። "አይደርስም አባባ፣ እጅዎም ይንቀጠቀጣል" ብዬ ከልክዬ የተዘጋጀ የገዛሁት እኔ ነኝ። በጨርቅ የተለበጠ፣ ከተጨመቀ ሰጋቱራ የተሠራ ቺፑድ ነበር። ጉድጓዱ ውስጥ ሲወርድ አንዱ ማዕዘን ላላ። እኔ አይቻለሁ። እሳቸውም አይተዋል።

አባቴ በሰው ፊት፣ ዋንዛው ላይ ተደፍተው አለቀሱ። ሻጩ ደንግጦ ወንበር አመጣ።

መኪና ውስጥ "ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው።

"አንቺ ምን ታደርጊ። ቀብር አይጠብቅም" አሉኝ። "ግን ስንት ዘመን የሰው ቤት በር ስሠራ ኖሬ..." አልጨረሱትም።

ሥራው ሁለት ሳምንት ፈጀ። ሌላ ሰው ከሁለት ቀን በላይ አይወስድበትም ነበር። አባቴ ትንሽ ይልጋሉ፣ ያርፋሉ። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዩኒፎርሟን ሳትቀይር አጠገባቸው ትቀመጣለች። የብርጭቆ ወረቀት ሰጥተዋት መቀመጫውን ታለሰልሳለች። እኛ ልጆቻቸው "እርስዎ" እያልን ነው ያደግነው፤ "አንተ" ትላቸው የነበረችው የመጨረሻ ልጃቸው፣ የሞተችው እኅቴ ብቻ ናት። ልጇም ከእሷ ወርሳለች።

አንድ ቀን ከሰዓት ኩሽና በር ላይ ቆሜ ሰማኋቸው።

"አባባ፣ እማዬ ያለችበትም እንጨት ነው አይደል?"

"አዎ፣ የኔ እናት።"

"አንተ ነህ የሠራህላት?"

መላጊያው ቆመ። "እኔ ነኝ" ቢሏት ደስ ባለኝ ነበር።

"አይደለሁም" አሏት። "አልደረስኩላትም።"

ልጅቷ መቀመጫውን ማለስለሷን ቀጠለች። "ይሄን ግን አንተ ነህ የሠራኸው።"

"ይሄን እኔ ነኝ።"

ቋሚዎቹ በሲሚንቶ ቆመው መቀመጫው በገመድ ከተንጠለጠለ በኋላ አባቴ በመጀመሪያ የአሸዋ ጆንያ አስቀምጠው ወዘወዙት። አግዳሚው ሲጥ እንኳን አላለም። ልጅቷን አንሥተው አስቀመጧትና ጀርባዋን በእጃቸው ገፋ አደረጉ። አንዴ፣ ሁለቴ። እግሯን ዘርግታ ከፍ ስትል የምትስቅ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን "እማዬ!" ብላ ጮኸች፤ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ያላለቀሰችውን ሁሉ አለቀሰች። አባቴ ገመዱን በሁለት እጃቸው ይዘው አቆሙት። ጉልበታቸው እያመማቸው ተንበርክከው ጭንቅላቷን ደረታቸው ላይ አስደገፉ። ወደ እነሱ ልሄድ አስቤ ነበር፤ አልሄድኩም። ልብስ ማስጫው ሥር እርጥብ አንሶላ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ሲመሽ ልጅቷ ደክሟት ሳትበላ ተኛች። አባቴ ግን እጃቸውን ታጥበው ገበታ ቀረቡ። ሁለት ጊዜ ጎረሱና ቀና ብለው አዩኝ።

"ሽሮው ጨው አንሶታል" አሉ።

ተነሥቼ ጨው አመጣሁላቸው።