አብዱረሂም ቆርጦ የጣለው

የሸዋ ሮቢት ሰው አብዱረሂምን መጀመሪያ ያወቀው፣ መናኸሪያው አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቁ ተቀምጦ በሰው ስልክ ላይ ዘፈን ሲጭን ነው። አዲስ አበባ ያሉ ሙዚቃ ቤቶች "የቆላ ዘፈን ገበያ የለውም" ብለው የመለሷቸው በዙሪያው ያሉት የቀወትና የጀውሃ ዘፋኞች ደጁን ሲያጣብቡበት ማይክሮፎን ገዛ፤ የጓዳውን ግድግዳ በአሮጌ ስፖንጅ ፍራሽ ለበጠና "የቆላ ድምፅ" የሚል ስም ለስቱዲዮው አወጣለት። "ሊያዘፍን ነው ሊያስተኛ?" ብለው የሰፈሩ ሰዎች ሳቁበት። በሦስተኛው ዓመት ግን ከአጣዬ እስከ ደብረ ሲና በየሚኒባሱ የሚሰማው እሱ የቀዳው ሆነ።

አብዱረሂም አንድ ደንብ ነበረው። ዘፋኞቹ በመሀል የሚያወሩትን፣ የሚስቁትንና የሚያስሉትን ሁሉ ዕለቱኑ ቆርጦ ያጠፋል። "ሰው የሚፈልገው ዘፈን እንጂ ወሬ አይደለም" ይላል። ከዘፋኞቹ አንዱ ደምሴ ደግሞ ወሬ አያልቅበትም። የቀወት ገበሬ ልጅ ነው፤ አንድ ዘፈን ለመቅዳት ሦስት ጨዋታ ያመጣል፣ ራሱ ቀልዶ ራሱ ይስቃል። አብዱረሂም አብሮት ይስቅና ይቆርጠዋል።

የደምሴ የመጀመሪያ አልበም ሊወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ከደብረ ሲና ሲወርድ የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠና ሞተ። ፖስተሩ ታትሞ ነበር። አብዱረሂም ግን እናት ሐዘን ላይ ተቀምጣ የልጇን ዘፈን ገበያ ማውጣት ነውር ነው ብሎ አልበሙን ያዘው።

ከአርባው በኋላ የደምሴ እናት እትዬ ትርንጎ ጥቁር ለብሰው ሱቁ መጡ።

"አብዱዬ፣ ዘፈኑን እንዳታሰማኝ፤ ሐዘን ላይ ነኝ። ሲያወራ ብቻ አሰማኝ። አንተ ዘንድ ሲቀልድ እንደሚውል ነግሮኛል። ድምፁ እየጠፋብኝ ነው።"

አብዱረሂም ኮምፒውተሩን ከፍቶ አንድ በአንድ ፈተሸ። እንደሌለ እያወቀ እጁ አላርፍ አለው። ቫይረስ በላው ብሎ መዋሸት ቃጣው፤ አፉ እምቢ አለ። በሥራው እንደዚያን ቀን አፍሮ አያውቅም።

"እትዬ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። በገዛ እጄ። ይቅር ይበሉኝ።"

እትዬ ትርንጎ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡና፣ "እንግዲያውስ ዘፈኑን ክፈተው። እግዜር ይቅር ይበለኝ" አሉ።

ከፈተው። ደምሴ ከመዝፈኑ በፊት አየር ወደ ውስጥ ሳበ። ዜማው ሊነሳ ሲል እትዬ ትርንጎ እጃቸውን አነሱ።

"አቁመው! ይቺን ብቻ መልሳት።"

መለሳት። ያቺንም ትንፋሽ ሊቆርጣት ሞክሮ ነበር፤ ከመጀመሪያው ቃል ጋር ተጣብቃ አልለይ ስላለችው ነው የተዋት።

"ሕፃን ሳለ ሊያለቅስ ሲል እንዲህ ነበር የሚያደርገው" አሉ እትዬ ትርንጎ። "ድገማት።"

አብዱረሂም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ደገማት።