እጅጌ ላይ የተጻፈው ባርኔጣ

ልብስ ሰፊዋ ከፈረንሳይኛ የምታውቀው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ እሱም «ፓርዶን» ነው። ታናሽ ወንድሟ ጠመኔዋን በሰበረ፣ ሻዩን ጨርቋ ላይ በደፋ፣ ወይም መርፌዋ ላይ ተቀምጦ ዘሎ በተነሳ ቁጥር «ፓርዶን!» ብሎ ስለሚጮህ፣ ሳትማረው ተማረችው።

እሷ ትምህርቷን ያቆመችው ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። የእናታቸው ዓይን ሲደክም ስፌት መኪናው ሰው ይፈልግ ነበር፤ ተቀመጠች፤ እስከ ዛሬ አልተነሳችም። ወንድሟ ግን ተምሮ ተምሮ የፈረንሳይኛ አስተማሪ ሆነ። ተማሪዎቹ እንደ ፈረንጅ መምህር «ሙሴ» ብለው ይጠሩት ጀመር፤ ሰፈሩ ከተማሪዎቹ ሰማ፤ በመጨረሻ እሷም ሰለቻትና ሙሴ አለችው።

ሙሴ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ወደ ሱቋ ይመጣና ከመቁረጫው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ይቀመጣል። አንድ የፈረንሳይኛ ግጥም ያወጣል፤ ከጥቅሉ ላይ የልብስ ቅድ የምታወጣበትን ካኪ ወረቀት ይቀድና ትርጉሙን ይጽፍበታል፤ ከዚያ ለእህቱ ያነብላታል። እሷ ደግሞ ትሰፋለች። የግጥሙ ዳኛ እግሯ ነው። ስንኙ ደህና ከሆነ ፔዳሉ ይሄዳል፤ ስንኙ ከተንገዳገደ እግሯ ሳታዝዘው ይቆማል። ሙሴም «አሃ!» ብሎ ይሰርዛል።

«እኔ እኮ ክሩ ስላለቀ ነው የቆምኩት» ትለዋለች አንዳንዴ።

«አይ እትዬ፣ ክሩም ግጥም ይገባዋል።»

በዚያ ሰሞን የያዙት ግጥም ባርኔጣውን ነፋስ የወሰደበት ሰውዬ ታሪክ ነበር። ባርኔጣው ይሮጣል፣ ሰውዬው ይከተላል፤ ባርኔጣው በመጨረሻ ባሕር ይገባል፤ ሰውዬው ዳር ላይ ቆሞ አንድ ነገር ይለዋል። ጣጣው ያ አንድ ነገር ነው። ሙሴ አሥራ አራት ጊዜ ጻፈው፣ አሥራ አራት ጊዜ ፔዳሉ ቆመ።

«ተጓዝ ባርኔጣዬ ሆይ፣ አርነትህን አውጄአለሁ!»

«ባርኔጣ ነው ወይስ የጦር ምርኮኛ?» አለች እህቱ።

ነገሩ ቀልድ ብቻ አልነበረም። ሙሴ አርብ አርብ በአራተኛው ክፍለ ጊዜ ግጥም ያስተምራል። ክፍሉ ውስጥ አምስት የቤት ቋንቋ አለ፤ ልጆቹ ግጥሙን እያንዳንዳቸው በቤታቸው ቋንቋ ይገለብጡና ፈረንሳይኛ ለማያውቅ ዘመድ ያነባሉ። ዘመድየው ካዛጋ ማርክ ይቀነሳል። ዳይሬክተሯ ይህን ስትሰማ «ፈተና ላይ ለማይመጣ ነገር?» አለች፤ ሰዓቱን ለሰዋስው ልታደርገው ቆረጠች። ሙሴ ለምኖ ለምኖ አንድ ዕድል አገኘ፤ የፊታችን አርብ እሷ ራሷ ክፍል ገብታ ትሰማለች። ከወደደችው ይቆያል፣ ካልወደደችው ግጥም አበቃለት።

ረቡዕ ዕለት ልብስ ሰፊዋ ቁልፍ ስትተክል አንዱ ከእጇ አመለጠ። ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ፣ ወለሉ ላይ ዘለለ፣ በሩ ድረስ ሄዶ ሐሳቡን ቀየረና ቁም ሳጥኑ ሥር ገባ። እሷ ጎንበስ ብላ አየችው፤ ወገቧን ያዘች፤ እንደ ልማዷም ተነፈሰችና፦

«በል ሂድ እንግዲህ፣ ምን አደርግሃለሁ!» አለችው።

ሙሴ ከጠረጴዛው ጫፍ ወደቀ። እውነቴን ነው፣ ወደቀ።

«ምን አልሽ?»

«ለቁልፉ ነው ያልኩት።»

«ድገሚው!»

ደገመችው። ጻፈው። ከዚያ ፊቱ ጠቆር አለ። «ግን እኮ ቤት አይመታም።»

«አንተ ልጅ፣ ሰው ሲሰለቸው ቤት ይመታል እንዴ?»

ሙሴ ግንባሯን ሳመና ግጥሙን በሙሉ በትልቁ ካኪ ወረቀት ላይ አሳምሮ ገለበጠው፤ ልጆቹ ከኋላ ወንበር ሆነው እንዲያነቡት ፊደሉን የጡጫ ያህል አደረገው። ሌላውን ሁሉ ቀዳዶ ጣለ።

ሐሙስ ዕለት ልብስ ሰፊዋ ኮት ልትቆርጥ ነበር። የጥቅል ወረቀቷን ሙሴ ጨርሶታል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ትልቅ ወረቀት ተዘርግቶ አየች፤ ከላይ ያለው ገጽ ንጹሕ ነው። ጀርባውን ለካች፣ ፊቱን ለካች፣ እጅጌውን፣ ኮሌታውን። መቀሱ ደስ እያለው ሄደ። ቅዳጁን ጠራርጋ ቆሻሻ ውስጥ ከተተችው፤ ቆሻሻው አርብ ጠዋት ተወሰደ።

አርብ ሦስት ሰዓት ላይ ቅዱን ጨርቁ ላይ ልታነጥፍ እጅጌውን ስትገለብጠው «ነፋስ ባርኔጣዬን» ይላል። በዚያው ቅጽበት ስልኳ ጮኸ።

«እትዬ፣ የግጥሙን ወረቀት ረስቼው ነው የወጣሁት። አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«እግዚአብሔር ይስጥሽ! የት ነው?»

«እጅጌ ሆኗል።»

 ከዚያም በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈረንሳይኛ ተናገረች። «ፓርዶን» አለችው።

ቁርጥራጮቹን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወጣች። የመለኪያው ሜትር አንገቷ ላይ ነው፤ ጣቷ ላይ የስፌት ቆቧ አለ። መንገዱ ዳገት ነው፤ ነፋስ ተነስቷል። አንድ የአትክልት ነጋዴ በር ላይ ስትደርስ ኮሌታው አመለጣትና በረረ። እሷም ተከተለችው። ኮሌታው አንድ ብስክሌት ላይ አረፈ፣ ተነሳ፣ አንድ መላጣ ሰውዬ አናት ላይ ተቀመጠ። ስትይዘው አንድ ጫማዋ የለም። እንዲህ የሮጠችው ስንት ዓመቷ ሳለች እንደሆነ ልታስታውስ ሞከረች፤ ትንፋሿ አልፈቀደላትም። ሳቋ ግን መጣ።

ክፍሉ ስትደርስ ዳይሬክተሯ የኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብላለች። ሙሴ ጠመኔ መስሏል። ልጆቹ ቁርጥራጮቹን ተቀብለው በስፒል ጥቁር ሰሌዳው ላይ ገጣጠሟቸው፦ ጀርባ፣ ሁለት ፊት፣ ኮሌታ፣ እጅጌ።

ዳይሬክተሯ መነጽሯን አስተካከለች። «ይቅርታ፣ ይሄ ያዘዝኩሽ የኔ ኮት ነው?»

«ቅዱ ነው፤ ኮቱ ገና ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ጀርባዬ ይህን ያህላል?»

 አርባ ልጅ ከንፈሩን ነከሰ።

ሙሴ ፈረንሳይኛውን አነበበ። ከዚያ ድምፀ ጉልበታም ስለሆነች «ጥሩምባ» የሚሏት ልጅ ተነሳች፤ ከእጅጌ ወደ ጀርባ፣ ከጀርባ ወደ ኮሌታ እየዘለለች አነበበች፦

«ነፋስ ባርኔጣዬን ከራሴ ላይ ነጥቆ፣
እኔ ከኋላው ነኝ ጫማዬ ወላልቆ፤
ድልድዩን ተሻግሮ፣ ገበያውን ጥሶ፣
ከባሕር ላይ ዋለ እንደ መርከብ ነግሦ...»

ልብስ ሰፊዋ በሩ አጠገብ ወንበር ሰጥተዋት ነበር። ጫማ የሌለው እግሯ ወለሉን እንደ ፔዳል ይረግጣል። ጥሩምባ ግን ቆመች። ከኮሌታው በታች ወረቀት የለም፤ የመጨረሻው ስንኝ ከቆሻሻው ጋር ሄዷል።

ልጆቹ ወደ ሙሴ ዞሩ። አሥራ አራቱም የተሰረዙ ስንኞች ጭንቅላቱ ውስጥ ባንድ ጊዜ እጃቸውን ያወጡ ይመስል ዓይኑ ፈጠጠ።

«ተጓዝ... ባርኔጣዬ ሆይ...»

የእህቱ እግር ቆመ። አየው። እሱም ቆመ።

ዳይሬክተሯ ማስታወሻዋን ዘጋች።

«እትዬ፣ አንቺ ንገሪያቸው» አለ ሙሴ።

ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ ክፍል ውስጥ አፏን ከፍታ አታውቅም። ጉልበቷን ይዛ ተነሳች። ልታሳምረው አልሞከረችም፤ እንዲያ ሮጣ መጥታ ጉልበቱም የላትም። ለቁልፉ እንዳለችው፣ ለተበጠሰ ክር በየቀኑ እንደምትለው አለችው፦

«በል ሂድ እንግዲህ፣ ምን አደርግሃለሁ!»

መጀመሪያ አንድ ልጅ ፈነዳ። ከዚያ መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ ክፍሉ በሙሉ። ጥሩምባ ወንበሯ ላይ ወጣች፦ «ሙሴ! አያቴ ፍየሏ ስታመልጣት የምትለው ይሄን ነው!» በአያቷ ቋንቋ፣ እጇን እያወናጨፈች አለችው። ሌላው ተነሳ፤ አባቱ አውቶቡስ ሲያመልጠው የሚለውን በራሱ ቋንቋ አለ። አራተኛ ቋንቋ መጣ። ቃሉ ያልገባውም የተናጋሪውን ትከሻ አይቶ ሳቀ፤ በአራቱም ቋንቋ ትከሻ የሚወርደው አንድ ቦታ ላይ ነበር።

«አምስተኛው ቀረ» አለ ሙሴ። «የማን ቤት ነው?»

የአምስተኛው ቋንቋ ልጅ ያን ቀን ቀርቶ ነበር። ከኋላ ግን ድምፅ መጣ። ዳይሬክተሯ መነጽሯን አውልቃ፣ ዓይኗን በመሐረብ እየጠረገች፣ እናቷ ወጡ ሲያርርባት የምትለውን አለች። ያን ቋንቋ እዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ ስትናገረው ማንም ሰምቶ አያውቅም። ልጆቹ ጠረጴዛ ደበደቡ።

ሳቁ ሲበርድ ዳይሬክተሯ ተነሳች። «ሰዋስው ሌላ ሰዓት ይፈለግለት» አለች። ሙሴ ወንበር ሳይኖር ሊቀመጥ ምንም አልቀረው። «ለመሆኑ ኮቴስ?»

ልብስ ሰፊዋ ቅዱን ልታነሳ ሰሌዳው ዘንድ ሄደች። እጅጌው የለም። ጥሩምባ ከኋላዋ ደብቃዋለች።

«ስጪኝ አንቺ ልጅ!»

«ገና ለአያቴ እየገለበጥኩት ነው!»

«ተዪላት» አለች ዳይሬክተሯ። «እጅጌ የሌለው ይሁንልኝ።»

ልብስ ሰፊዋ በረጅሙ ተነፈሰች። ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ እዚያው ጥቁር ሰሌዳው ሥር ቆመች።

«እስቲ እጅዎን ያንሱ» አለቻት ዳይሬክተሯን።

ክፍሉ በሙሉ እጁን አነሳ።