ኔቪያ ሳንቃው ላይ

ኔቪያ በሮማውያን ዘመን በፑቴኦሊ ወደብ የመርከብ ሸራ ስትጠግን ነው ዕድሜዋ የሄደው። መርፌው ጣቶቿን አደንድኗቸዋል፤ ምላሷ ግን ያው ስል ነው። አባቷን ባሕር በልቶታል። አስከሬኑ ስላልተገኘ በመንገድ ዳር ባዶ መቃብር ተሠራለት፤ እንደ አገሩ ወግም ድንጋዩ ላይ ለአላፊ አግዳሚው ግጥም ተቀረጸ፦

ጠግቤ ሳለሁ ልጨምር ብዬ ወጣሁ፤
የጨመርኩት ባሕር ነው፤ ጠጥቼው ቀረሁ።

ባሏ ራሲኒየስ በዚያ ባለፈ ቁጥር ድንጋዩን ዳሰስ አድርጎ ግጥሙን ጮክ ብሎ ያነባል። ማንበቡንማ ማን ብሎት! ዘንድሮ መርከቦች ሁሉ ወደ ዳር ተጎትተው ባሕሩ ለብርዱና ለማዕበሉ ወራት ከተዘጋ በኋላ፣ አንድ ነጋዴ «ወይን ጠጄን ማሲሊያ አድርስልኝ» ቢለው እሺ ብሎ መጣ።

«ጎተራችን ሙሉ ነው፤ መርከቡም የራስህ። ምን ጎደለህ?» አለችው።

«አንድ ጉዞ ብቻ!»

«አባቴም አንድ ነበር ያለው።»

«አንቺ ደግሞ ሟርትሽን ተዪ!» ብሎ በሩን በላይዋ ላይ ወርውሮ ወጣ።

ኔቪያ ክፉኛ ፈራች። ልመናም ቁጣም እንደማይመልሰው ታውቃለች። እሱ እሷን ባይሰማም መርከበኞቹ የሚፈሩት ነገር አለ፤ የመሳፈሪያው ሳንቃ ላይ ሰው ካስነጠሰው አማልክቱ ከለከሉ ማለት ነውና መርከቡ አይነሳም። ከጓዳዋ ቁንዶ በርበሬ ቆንጥራ ወደ ወደቡ ሮጠች።

ገመዱ ሊፈታ ነው። «ስንቅህን ረስተህ!» ብላ ዳቦ ይዛ ሳንቃው ላይ ወጣች። አፍንጫዋን የምታብስ መስላ ቁንዶ በርበሬውን ሳበችው። ምንም የለም። ደግማ ሳበች። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ማስነጠሱ ግን አልመጣ አለ። ራሲኒየስ ዳቦውን ተቀብሎ «በቃ ውረጂ» ሲላት፣ ያን ጊዜ ወደቡን የሚያናውጥ ማስነጠስ አመለጣት።

መርከበኞቹ ባሉበት ደርቀው ቀሩ።

«ኧረ እሜቴ፣ ምን አደረጉን!» አለ መሪውን የያዘው ሽማግሌ። «እኔ እንግዲህ ንቅንቅ አልልም!»

ራሲኒየስ እጇን አፈፍ አድርጎ ያዘ። ጣቶቿ መሃል የቀረውን ጥቁር ዱቄት አሸተተው። አንድ ቃል ቢተነፍስ ሰዎቹ ስቀው ይቀዝፋሉ፤ እሷም የወደቡ መሳቂያ ሆና ትቀራለች። አንገቱ እስከ ጆሮው ድረስ በንዴት ቀላ። ኔቪያ ዓይን ዓይኑን እያየች በሌላ እጇ እጅጌውን ጨምድዳ ያዘች። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ እንዲህ ስትፈራ አይቷት አያውቅም።

«ይማርሽ» አለ በመጨረሻ፣ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞረ። «ምን ትገተራላችሁ? ጭነቱን አውርዱ!»

ወደ ቤት ተመለሱ። ሊገቡ ሲሉ እንደተኮሳተረ ቆመ።

«ባሕሩ ጸጥ ብሎ ቢከርምስ?»

«እሰየው!» አለችው። «ከደጃችን ቁጭ ብለን እናየዋለን።»